ሁለት ጥይት በጉብታዋ ላይ

ጌትነት ሽጉጥ ይዞ መምጣቱን ፀሐይወርቅ ያወቀችው ጀልባዋ ከባሕር ዳር ርቃ፣ የዘጌ ጫካ በግራ በኩል መታየት ከጀመረ በኋላ ነው። ሙቀቱ ሲበረታበት ጃኬቱን አወለቀ፤ ከወገቡ ላይ ጥቁር እጀታ ብቅ አለ።

«ይሄ ምን ሊያደርግልን ነው?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ዘመኑን አታዪውም እንዴ? ሚስቴን ይዤ ባዶ እጄን ውኃ መሀል ልደር?»

«አምስት ቀን ልናርፍ ነው የወጣነው።»

«እረፊያ። ማን ከለከለሽ?»

ከኋላቸው ተቀምጦ ሞተሩን የሚነዳው ሱሌማን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ ዓይኑን ከውኃው ላይ አላነሣም።

ዕረፍቱን ያሰበችው እሷ ናት። ፀሐይወርቅ አርባ ምንጭ ተወልዳ አድጋ፣ ከስምንት ዓመት ወዲህ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል የፈረቃ ኃላፊ ሆና ትሠራለች። ባሏ ጌትነት የመራዊ ልጅ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ የግንባታ ትምህርት ያስተምራል። ሰው ሁሉ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እሱ ይሆናል ሲል፣ እሱም እንደ ሆነ ቆጥሮት ሲጠብቅ፣ ሹመቱ ራሱ ላስተማረው ሰው ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ጌትነት ሌላ ሰው ሆነ። ታክሲ ውስጥ ትከሻው ከተነካ ይጣላል፤ ቤት ውስጥ ወጡ ጨው ከበዛበት ሳህኑን ከግድግዳ ያጋጫል። በነሐሴ አንድ ቀን ፀሐይወርቅን በጥፊ መታት። በማግስቱ አልቅሶ ይቅርታ ጠየቃት። እሷም ይቅር ብያለሁ አለች፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በር በኃይል በተዘጋ ቁጥር ትከሻዋ በራሱ ይሸማቀቃል። ጥቅምት ላይ የዓመት ፈቃዷ ሲደርስ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ሐይቁ ውስጥ፣ በትንሽ ደሴት ላይ፣ የሚከራይ የሣር ቤት እንዳለ ነገረቻት። ጸጥታው ይሻለዋል ብላ አሰበች።

ደሴቲቱን የሐይቁ ዳር ሰዎች ጉብታዋ ይሏታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ሩብ ሰዓት አትፈጅም። በአንዱ ጫፍ ሱሌማንና ሚስቱ ራሂማ ይኖራሉ፤ በሌላው ጫፍ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር፣ ለእንግዳ ብሎ የሠራት ቤት ቆማለች። የፊት ግድግዳዋ ጭቃ ነው፤ የኋላው ግን ገና አልተመረገም፣ ሸንበቆና በላዩ የተጣለ ከሐይቅ ዳር ደንገል የተሠራ ምንጣፍ ብቻ ነው። ክዳኗ ሣር፣ አልጋዋ መደብ፣ በሯ ከውስጥ በገመድ የሚታሰር ሳንቃ። መብራት የለም። በሩ ሲከፈት ግን ሐይቁ ደጃፉ ላይ ነው።

«ድሮ ፈረንጆች ይመጡ ነበር» አለ ሱሌማን ዕቃቸውን መደቡ ላይ እያስቀመጠ። «አሁን እነሱ ቀሩ። እንደናንተ ያለ የከተማ ሰው ነው አልፎ አልፎ የሚመጣው።»

ሱሌማን ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ንግግሩ የረጋ ሰው ነው። ዓሣ ያጠምዳል፤ ከደንገል ታንኳ ይሠራል። ከመሄዱ በፊት ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰዳቸውና ሣሩ ተረጋግጦ የተከፈተ አንድ መንገድ አሳያቸው።

«ይቺ የጉማሬዋ መንገድ ናት። ዘንድሮ ወልዳለች። ፀሐይ ስትገባ ልጇን ይዛ ሣር ልትግጥ በዚህ ታልፋለች። እናንተ በራችሁን ዘግታችሁ ተቀመጡ፤ እሷም መንገዷን ትሄዳለች። ድንጋይ እንዳትወረውሩ፣ ባትሪም እንዳታበሩባት። ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ነክታን አታውቅም።»

«እናንተ የሐይቁ ሰዎች ጉማሬ አዳኞች አልነበራችሁም እንዴ?» አለ ጌትነት ፈገግ ብሎ።

«አያቴ ነበር። በጦር ነበር የሚገድሉት።»

«ታዲያ ይቺን ምነው ማራችኋት?»

«መንግሥት ከልክሏል፣ ጌታው። ባይከለክልም እኔ አልነካትም። እኔ ዓሣ እፈልጋለሁ፣ እሷ ሣር ትፈልጋለች። ምን ያጣላናል?»

የመጀመሪያው ቀን ደህና አለፈ። ጌትነት ዋኘ፣ ሾላው ሥር ተኛ፣ ራሂማ የጠበሰችውን ዓሣ በላና ጣቱን ላሰ። ፀሐይወርቅ ፊቱ ሲፈታ አይታ በሆዷ አምላኳን አመሰገነች። ማታ ላይ ጉማሬዋ መጣች። ከሸንበቆው ግድግዳ ማዶ ከባድ ትንፋሽ፣ የሣር መነጨት፣ አልፎ አልፎ የግልገሏ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ፀሐይወርቅ አልፈራችም። አባቷ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ ይነዳ ነበርና ይህን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ጌትነት ግን መደቡ ላይ ተነሥቶ ተቀመጠና ጉማሬዋ እስክትርቅ ድረስ ጥርሱን ነክሶ ቆየ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በላስቲክ ጠርሙስ ያመጣውን አረቄ አወጣ። ፀሐይወርቅ አየችው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩን ልትዘጋ ስትነሣ ያዛት።

«ተዪው። ክፍት ይሁን።»

«ሰውየው ዝጉ ብሎናል።»

«ሰውየው ብሎናል! ሰውየው ብሎናል! በገዛ ገንዘቤ በተከራየሁት ቤት፣ ለአንድ አውሬ ብዬ እንደ ዶሮ በጊዜ ልቆለፍ?»

«ጌትዬ፣ ሰክረሃል። ተቀመጥ።»

ይህን ባላለች ይሻል ነበር። ጌትነት ገፍቷት አለፈ። የሣሩ መነጨት ከቤቱ ኋላ ተጀምሮ ነበር። ፀሐይወርቅ ተከትላው ወጥታ ማዕዘኑን ስትዞር፣ በመጨረሻው ብርሃን ጉማሬዋ ከሃያ እርምጃ በማትበልጥ ርቀት ላይ ቆማ አየቻት። ግልገሏ ከሆዷ ሥር ነበረች። ጌትነት እጁን ዘርግቶ ነበር።

«ሂጂ! ሂጂ አንቺ!» ብሎ ጮኸ። ጉማሬዋ አንገቷን አነሣች እንጂ አልተንቀሳቀሰችም።

ተኮሰ። ደግሞ ተኮሰ።

በሁለተኛው ጥይት የጉማሬዋ ራስ ወደ ጎን ሲወረወር፣ ከጆሮዋ ሥር ጥቁር ነገር ሲፈናጠር ፀሐይወርቅ በዓይኗ አየች። ከዚያ ጉማሬዋ ጮኸች። ፀሐይወርቅ በልጅነቷ ካወቀችው ድምፅ ጋር አይመሳሰልም። ምድሪቱ ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠች፤ ደንገሉ ተሰነጣጠቀ፤ ውኃው በአንድ ጊዜ ተናጋ። ግልገሏ ወዲያና ወዲህ ስትል ቆይታ እናቷን ተከትላ ገባች።

ሱሌማን በባዶ እግሩ እየሮጠ፣ ባትሪ ይዞ መጣ። ራሂማ ከኋላው ነበረች።

«ምን ተኮሳችሁ? ማንን ተኮሳችሁ?»

ጌትነት ስካሩ ጥሎት ጠፍቶ ነበር። ከፀሐይወርቅ ጎን ተጠጋና የግራ እጇን አንጓ ከጀርባዋ ያዘ።

«ወደ ሰማይ ነው የተኮስሁት። ወደ በሩ መጣች፣ ላባርራት ብዬ ነው።»

«አልነካሃትም?»

«ወደ ሰማይ አልሁህ እኮ!»

ሱሌማን ባትሪውን ወደ ሣሩ አዞረ፤ ጨልሞ ነበርና ደም ከጤዛ አይለይም። ከዚያ ወደ ፀሐይወርቅ ዞረ።

«እህቴ፣ አንቺስ አይተሻል? የቆሰለች ጉማሬ ውኃው ውስጥ ካለች እኔ ጧት መረቤ ዘንድ መሄድ የለብኝም። ለዚያ ነው የምጠይቅሽ።»

የጌትነት ጣቶች አንጓዋን ጠመዘዙት። አጥንቱ ሊወጣ የደረሰ መሰላት። አባቷ ጉማሬ የቆሰለበትን ውኃ ሳምንት ሙሉ በጀልባ እንደማይረግጠው ታውቃለች። አፏን ከፈተች።

«ወደ... ወደ ላይ ነው» አለች።

ሱሌማን ራሱን ነቀነቀ። «ሁለተኛ እንዳይደገም ጌታው። ልጅ አላት» ብሎ ተመለሰ። ራሂማ ጥቂት ቆማ ፀሐይወርቅን አየቻትና እሷም ተከተለችው።

ፀሐይወርቅ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሲነጋ፣ ጌትነት ሳይነቃ፣ ሄጄ እነግረዋለሁ ብላ ወሰነች። ንጋት ላይ ግን ድካሙ አሸነፋትና ሸለብ አደረጋት። ስትነቃ ፀሐይ በሳንቃው ስንጥቅ ገብታ ነበር። ጫማ ሳታደርግ ሮጠች። የደሴቲቱን መሀል አቋርጣ እነሱሌማን ቤት ስትደርስ ራሂማ ውኃው ዳር ድስት ታጥባለች።

«ጋሽ ሱሌማንስ?»

ራሂማ በእርጥብ እጇ ጠቆመቻት። ታንኳዋ ከዳር መቶ ክንድ ያህል ርቃለች። ሱሌማን ተንበርክኮ መረቡን ወደ ላይ እየሳበ ነበር።

«ጥሪው! ተመለስ በይው! ቆስላለች፣ መትቷታል!»

ራሂማ አልገባትም። ፀሐይወርቅ ራሷ እጇን እያወዛወዘች ጮኸች፤ «ጋሽ ሱሌማን! ይመለሱ! ይመለሱ!» ሱሌማን ቀና ብሎ አየና እጁን አነሣ። ሰላምታ መስሎት ነበር።

ውኃው ከታንኳዋ ሥር ተነሣ። ደንገሉ እንደ ገለባ ከመሀሉ ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች ወደ ሰማይ ቆሙ። ሱሌማን ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደቀ፤ ራሱ ብቅ አለ፤ ሁለት ጊዜ ቀዘፈ። ከዚያ የጉማሬዋ አፍ ከጎኑ ተከፈተ፤ ከጆሮዋ ሥር ያለው ቁስል ቀይ ሆኖ ይታይ ነበር። ጭኑ ላይ ያዘችው። ከውኃው በላይ አነሣችውና ውሻ ጨርቅ እንደሚያራግፍ አራገፈችው። ሱሌማን አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ።

ራሂማ «ያ አላህ!» ብላ ከነልብሷ ውኃው ውስጥ ገባች። ፀሐይወርቅ ወደ ሞተር ጀልባዋ ዘለለች። እጇ ከማሰቧ ቀድሞ ሥራውን አወቀው፤ ገመዱን ፈታች፣ ሞተሩን ወደ ውኃ ጣለች፣ የማስነሻውን ገመድ ሳበች። እምቢ አለ። ሳበች። ሦስተኛው ላይ ተነሣ። የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ጉማሬዋ አድርጋ በሙሉ ኃይሉ ለቀቀችው። ጀልባዋ ጉማሬዋን ትከሻዋ ላይ ስትገጫት ፀሐይወርቅ በደረቷ ወደ ፊት ወደቀች፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ጉማሬዋ ሱሌማንን ለቅቃ ሰመጠች።

እጇን በብብቱ አግብታ ሳበችው። አልቻለችም። ራሂማ ስትዋኝ ደርሳ ከሥር ገፋችው፤ ሁለቱም ተረዳድተው ጀልባዋ ላይ ጣሉት። ቀኝ እግሩ ከጭኑ በታች በሥጋና በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። ደሙ የጀልባዋን ወለል አጥለቀለቀው። ፀሐይወርቅ የራሂማን የወገብ መቀነት ፈትታ ከቁስሉ በላይ አሰረች፤ ጉልበቷን ጭኑ ላይ ተክላ ደሙ እስኪቋረጥ ሳበችው።

ቤንዚኑ ወደ ከተማ አያደርስም ነበርና ሁለተኛው ጀሪካን ወዳለበት ዳር ተመለሱ። ጌትነት እዚያ ቆሟል። ሻንጣውን ይዟል፤ ሸሚዙን እንኳ በትክክል አልቆለፈም። ፀሐይወርቅ ጀሪካኑን አንሥታ ስትመለስ ጀልባዋ ላይ ወጥቶ አገኘችው። ሱሌማንን ቁልቁል እያየ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ይሄ ሰው አይተርፍም» አለ። «አውርዱት።»

«ምን አልክ?»

«መንገድ ላይ ይሞታል። ሬሳውን ይዘን ወደብ ስንደርስ ዘመዶቹ ከበው ይገድሉኛል። አይገባሽም? ታረድሁ ማለት ነው እኔ! እኛ ቀድመን እንሂድና ሌላ ጀልባ እንልካለን።»

ራሂማ የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ቀና ብላ አየችው። «ወደ ሰማይ ነው አላልህም?» አለችው።

ጌትነት በመመለስ ፈንታ ሽጉጡን አወጣ። «ውረጂ! ይዘሽው ውረጂ! አትሰሚም?»

ፀሐይወርቅ ከኋላው ናት። መቅዘፊያው ከእግሯ ሥር ተጋድሟል። ስታነሣው አላሰበችም፤ ስትሰነዝረው ግን አስባ ነበር። ክንዱን አገኘችው። እንጨቱ አጥንት ሲሰብር የተሰማው ድምፅ ከጥይቱ ድምፅ ጋር ተቀላቀለ፤ ጥይቱ የጀልባዋን ጠርዝ ፈልጦ ውኃ ውስጥ ገባ፣ ሽጉጡም ተከተለው። ጌትነት ወደሷ ዞረ። ፊቱ ላይ ያየችው ሕመም አልነበረም፤ የነሐሴዋን ቀን ፊት ነው ያየችው። ጤነኛ እጁን አነሣ። ሁለተኛውን ምት ትከሻውና አንገቱ መገናኛ ላይ አሳረፈችው። ከጀልባዋ ወደ ጭቃው በፊቱ ወደቀ።

«ፀሐዬ!» አለ ከጭቃው ቀና ብሎ። «ፀሐዬ፣ ጥለሽኝ ልትሄጂ ነው?»

ሞተሩን አስነሣች።

ባሕር ዳር ወደብ ሲደርሱ ሱሌማን በሕይወት ነበር። ሁለት ጀልባ ነጂዎች ተሸክመው ባጃጅ ላይ ጫኑት። ሆስፒታሉ እግሩን በዚያው ቀን ቆረጠው። ራሂማና ፀሐይወርቅ በደም የደረቀ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ደጅ መሬት ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ የሱሌማን ታናሽ ወንድም ሙኽታር መጣ። ሙኽታር ጀልባ ጠራቢ ነው፤ እጆቹ ሙጫና ሰጋቱራ እንደያዙ ነበሩ። ወሬውን ወደብ ላይ ሰምቷል፤ የሰማው ግን ግማሹን ነው።

«ያቺ ጉማሬ ሰው ነክታ አታውቅም» አለ። «ምን ሆና ነው?»

ራሂማ ወደ ፀሐይወርቅ ዞረች። መልሱ የማን እንደሆነ ፀሐይወርቅ ገባት።

«ባሌ ትናንት ማታ በሽጉጥ መታት። ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ አንዱ አገኛት። ወንድምህን ወደ ሰማይ ነው ብሎ ዋሸው።» «እኔም ዋሸሁት» ልትል ፈለገች፤ አልቻለችም።

«የት ነው ያለው?»

«ደሴቲቱ ላይ ትቼው መጣሁ።»

ሙኽታር ሌላ አልጠየቀም። ዞሮ ሄደ። ፀሐይወርቅ ምን እንደተናገረች የገባት ጀርባው ከበሩ ሲሰወር ነው። ራሂማ በሁለት እጇ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ሂጂ፣ ተከተይው። ወላሂ ይገድለዋል። ባሌ እግሩን አጣ፤ ወንድሙ ደግሞ እስር ቤት ከገባ እኛን ማን ያየናል? እኔ ልኬሻለሁ በይው። ሂጂ!»

ወደብ ላይ ስትደርስ ሙኽታርና አራት ሰዎች ጀልባ እያስነሡ ነበር። ጦርና ፋስ ጭነዋል። ማንም ውጪ አላላትም፣ ማንም ግቢ አላላትም፤ ዘላ ገባች። መንገዱን ሁሉ «ሙኽታር፣ ራሂማ ልካኝ ነው፣ ለፖሊስ እንስጠው» ስትለው እሱ ዓይኑን ከደሴቲቱ ላይ አላነሣም።

ጌትነት የተከራዩት ቤት ውስጥ ገብቶ በሩን በገመድ አስሮ ነበር። ሙኽታር አልጠራውም። ፋሱን አንሥቶ ሳንቃው ላይ አሳረፈ፤ በአራተኛው ሳንቃው ተሰነጠቀ። በዚያው ቅጽበት ከቤቱ ኋላ ሸንበቆው ሲሰባበር ተሰማ። ጌትነት የደንገሉን ምንጣፍ ቀዶ ወጥቶ የተሰበረ ክንዱን በደረቱ ይዞ በጉማሬዋ መንገድ ሮጠ። ሣሩ ላይ ደረሱበት።

በዱላ መቱት። በጦር ዘንግ መቱት። ሲወድቅ በእግራቸው መቱት። የተሰበረ ክንዱ ላይ ሲረግጡት ያሰማው ጩኸት እንደ ሰው አልነበረም። ፀሐይወርቅ ከሾላው ሥር ቆማ ታያለች። ልትከለክል የመጣች ሴት ናት፤ ግን እግሯ አልተነሣም። በኋላ ብዙ ቀን ያስጨነቃት ይህ ነው። አንድ ዱላ ሲያርፍበት በውስጧ አንድ ነገር ይፈታላት ነበር፤ ሌላው ሲያርፍበት ሌላው። ደም አፉን ሞልቶ ጥርሱን ሲተፋ እንኳ አልጮኸችም።

ከዚያ ሙኽታር ሌሎቹን በእጁ ገለል አደረጋቸውና የጦሩን ጫፍ ወደ ጌትነት አዞረ።

ያኔ ሮጠች። ዘንጉን በሁለት እጇ ያዘች።

«ልቀቂ!»

«አለቅም! ራሂማ ናት የላከችኝ! አንተ ከታሰርህ ማን ያየናል ብላለች!»

በክርኑ አፏን መታት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ እጇ ግን ዘንጉ ላይ ነበር። እንደገና መታት። አልለቀቀችም። ዘንጉን እየጎተተ ሣሩ ላይ ጥቂት ሳባት፤ አብራው ተጎተተች።

«ለዚህ ሰው ብለሽ?» አለ ትንፋሽ አጥሮት።

«ለእሱ አይደለም» አለች ደም እየተፋች። «ለራሂማ ነው።»

ሙኽታር ቆሞ አያት። ጦሩን ለቀቀው። ሄዶ ውኃው ዳር ተቀመጠና ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ።

ጌትነትን ያን ዕለት ጀልባ ላይ ጭነው ለፖሊስ አስረከቡት። መንገዱን ሁሉ ከፀሐይወርቅ እግር ሥር ተጋድሞ፣ ባበጠ ዓይኑ እያያት «ማሪኝ» ይላት ነበር። አንዴ እንኳ ስለ ሱሌማን አልጠየቀም። ፀሐይወርቅ ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ሰጠች፤ ስለ ጉማሬዋ፣ ስለ ውሸቱ፣ ራሂማ ላይ ስለ ተደገነው ሽጉጥ። ክንዱን ማን ሰበረው ሲሏት «እኔ» አለች፤ ጽፈው አስፈረሟት። ማን ደበደበው ሲሏት ግን ከአምስቱ የማንንም ስም አልሰጠችም። ሽማግሌዎች ከመራዊ መጥተው «የባልሽን ገመና ሸፍኚ» ቢሏት አስተናግዳ ሸኘቻቸው። ጌትነት ተከሰሰ፤ ሐኪም ቤት ከርሞ ማረሚያ ቤት ገባ። እሷም ፍቺ ጠየቀች።

ጌትነት በተያዘ ማግስት ሙኽታርና የሐይቁ ዳር ሰዎች ጉማሬዋን ገደሏት። አንዴ የሰው ደም ከቀመሰች መንገዱ ሁሉ ይዘጋል ብለው፣ ፈቃድ ሰጪም ከልካይም ሳይጠብቁ፣ በአምስት ጀልባ ከበው በጦር ወጓት። ለመሞት ግማሽ ቀን ፈጀባት። ግልገሏ ከሬሳዋ አልርቅ ብላ መረብ ውስጥ ገባች፤ እሷንም በፋስ መቷት።

ፀሐይወርቅ ለሱሌማን እውነቱን የነገረችው እግሩ በተቆረጠ በአራተኛው ቀን ነው። ትኩሳቱ በርዶለት፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ራሂማ ሾርባ ታጠጣዋለች።

«ጋሽ ሱሌማን፣ ያን ማታ እኔም አይቻለሁ። ጥይቱ ሲመታት በዓይኔ አይቻለሁ። ሲጠይቁኝ ዋሸሁ። እጄን ይዞኝ ነበር፣ ፈራሁ። ግን ዋሸሁ።»

ሱሌማን የሾርባውን ኩባያ ከራሂማ እጅ ነጥቆ ወረወረው። ጉንጯን መትቶ ወለሉ ላይ ተሰበረ፤ ሾርባው አንገቷ ላይ ወረደ።

«ነገርሁሽ!» ብሎ ጮኸ፤ የክፍሉ በሽተኞች ሁሉ ዞሩ። «ለዚያ ነው የምጠይቅሽ አላልሁሽም? አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ያን ጧት ቤቴ እውል ነበር! ውጪ! ከፊቴ ውጪ!»

ራሂማ ወደ በሩ ሸኘቻት። «አሁን ሂጂ እህቴ» አለቻት። አልተቆጣችም፤ አላቀፈቻትም።

ፀሐይወርቅ በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ ምግብ ይዛ መጣች። ሱሌማን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምግቡን ለራሂማ ሰጥታ፣ የሽንት ዕቃውን አጥባ ሄደች። በማግስቱም መጣች። የሌሊት ፈረቃ ሲሆንባት ከመግባቷ በፊት፣ የቀን ሲሆንባት ከወጣች በኋላ መጣች። ራሂማ ልታርፍ ስትሄድ አጠገቡ ካለችው በርጩማ ላይ ዝም ብላ ትቀመጣለች። እሱም ፊቱን ከግድግዳው አይመልስም።

በዘጠነኛው ቀን ራሂማ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ብቻቸውን ሳሉ፣ ከግድግዳው ሳይዞር ተናገረ።

«ጉማሬዋ?»

«ገደሏት። እነሙኽታር።»

«ግልገሏስ?»

አላውቅም ልትለው ትችል ነበር። ሸሸች፣ ወደ ማዶ ሄደች ልትለው ትችል ነበር።

«እሷንም» አለችው። «መረብ ውስጥ ገብታ።»

ሱሌማን ዓይኑን ጨፈነ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ይታያታል። ከደጅ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል። ከዚያ፣ አሁንም ሳያያት፣ «ውኃ ስጪኝ» አላት።

አጠገቡ ካለው ጆግ ቀድታ፣ ራሱን በአንድ እጇ ደግፋ፣ እስኪበቃው አጠጣችው።